ጀልባዋን የነካ እጅ

ሚፍታህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ ውስጥ ሱቅ ከከፈተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ባሕር ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ባሕር ለእሱ የዓሣ ቆርቆሮ የሚመጣበት፣ በአውቶቡስ አንድ ሌሊት የሚያስኬድ ሩቅ አገር ነው። ስለዚህ ልጁ ዩስራ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ቀጭን ጀልባ ከደርባን እስከ ኢስት ለንደን ልቀዝፍ ነው ስትለው፣ መጀመሪያ የጠየቃት ስንት ሰው አብሯት እንደሚሄድ ነበር።

«ማንም አባ። ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻሽን ማለት?»

«ክብረ ወሰኑ የብቻ ጉዞ ነዋ። አንዲት ሴት በስድስት ቀን ከአራት ሰዓት ጨርሳዋለች፤ እኔ ከዚያ ማሳነስ አለብኝ። ምግቤንም ውሃዬንም ከመነሻው ይዤ ነው የምሄደው። ሰው ከረዳኝ አይቆጠርም።»

«እሺ» አላት። እሺ ያለው ግን ገብቶት አልነበረም። እርዳታ ማለት አብሮ መቅዘፍ መስሎት ነበር።

ዩስራ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። መቅዘፍ የተማረችው ቤኖኒ ሐይቅ ላይ፣ በትምህርት ቤት ክበብ ነው። እናቷ ራዚያ ከሞተች ወዲህ ግን ማለዳ ማለዳ ከሥራ በፊት ከውሃው አትጠፋም። አባትና ልጅ የሚገናኙት እራት ላይ ብቻ ሆነ። መዳፏ ስለተላላጠ በማንኪያ ትበላለች፤ እሱ መዳፏን ያያል።

ልትሄድ ስትል ስልኩ ላይ ካርታ ጫነችለት። ካርታው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። «ይቺ እኔ ነኝ። ስናፍቅህ እያት» አለችው።

ዩስራ ደርባንን ለቃ ከወጣች ጀምሮ ሶላቱን እንደጨረሰ እጁ ወደ ስልኩ ነው። ዳቦ ሸጦ ያያል፣ ወተት ሸጦ ያያል። ነጥቧ በዚያ ሁሉ ሰማያዊ መሀል ብቻዋን ናት። ይህን ነገር ያውቀዋል። ወደዚህ አገር ሲመጣ ሞዛምቢክ ጫካ ውስጥ ሦስት ቀን ጦሙን ተጉዞ አስፋልት ላይ ሲወጣ፣ መጣህ ወይ የሚለው አንድ ሰው አልነበረም። ረሃቡን ከረሳው ቆይቷል። ያንን ግን አልረሳውም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነጥቧ ለአዳር ወደ የብስ ተጠጋች። ካርታውን በጣቶቹ ከፈት አድርጎ የከተማዋን ስም አነበበ፤ ፖርት ሴንት ጆንስ። እዚያ የአገሩ ልጅ ሙሰብ ሱቅ አለው። ደወለለት።

«ልጄ በባሕር እየመጣችልህ ነው።»

«በባሕር? ምነው፣ ታክሲ አጣች?»

«አትቀልድ። የሚበላ ነገር ይዘህ ዳር ላይ ቁምልኝ። ሰው ይጠብቃት።»

«እሺ ወንድሜ። ያንተ ልጅ የእኔም ልጅ ናት።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሙሰብ ቁጥር ተደወለ። ያነጋገረችው ግን ዩስራ ነበረች።

«አባ፣ ይሄን ሰው አንተ ነህ የላክኸው?»

«አገኘሽው? አልሐምዱሊላህ። በላሽ?»

«ማዕበሉ ወደ ዳር ሲያወጣኝ ከነሱሪው ውሃ ውስጥ ገባ። ተው እያልኩት ጀልባዬን ይዞ ጎተታት።» ከኋላዋ ውሃው ይጮኻል። «ምግቡን ቢሆን እምቢ እለው ነበር። ጀልባዋን ነካት አባ። በቃ፣ ቀረ።»

«የምትገለበጥ መስሎኝ እኮ ነው፣ ወላሂ» ሲል ሙሰብ ከጎኗ ተሰማ።

«ማን አየ?» አለ ሚፍታህ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ አፈረ።

«ስጨርስ የምሞላው ፎርም አለ። ሰው ረድቶሻል ወይ ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ዋሽተሽ ከምትበዪ ጦምሽን እደሪ እያለ ያሳደጋት እሱ ራሱ ነው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ።»

«አዎ፣ አንተ ነህ» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። «አሁን እርቦኛል። ያመጣውን ልብላ።»

ያን ዕለት ሚፍታህ ዳቦ ለጠየቀው ወተት ሰጠ። በታክሲ ትመለሳለች ብሎ ሲጠብቅ፣ በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ሲከፍት ነጥቧ ሰማያዊው ውስጥ ገብታለች። ወደ ኢስት ለንደን፣ እንደ በፊቱ በፍጥነት ትሄዳለች። ማንም የማይቆጥርላትን ሰዓት ለምን እንደምትሻማ ሊገባው አልቻለም። ስልኩን ወደ ኪሱ ይከታል፣ መልሶ ያወጣል።

ኢስት ለንደንም የሚያውቀው ሰው አለ። ስሙን ስልኩ ላይ አወጣውና ተወው። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሱቁን ፍርግርግ ቆለፈና አውቶቡስ ተሳፈረ።

በማግስቱ ማለዳ አሸዋው ላይ ቆመ። ባሕሩ ስልኩ ላይ ሲያየው እንደነበረው ዝም ያለ አይደለም። ውሻ ከሚያንሸራሽር አንድ ሽማግሌ በቀር ሰው የለም። ጀልባዋ ብቅ ስትል ማዕበሉ አነሳትና ወደ ጎን አዘነበላት፤ የሚፍታህ እግር ሳያዘው ወደፊት ተራመደ። ሁለት እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ቆመ። ዩስራ ተገልብጣ ውሃ ውስጥ ወደቀች፤ እያሳላት ተነሳች፤ ጀልባዋን ጫፏ ላይ ባለው ገመድ ይዛ ብቻዋን ጎተተች። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

አሸዋው ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው የእጅ ሰዓቷን ነው።

«ስድስት ቀን ከሁለት ሰዓት» አለች። «በሁለት ሰዓት ቀደምኳት።»

እንኳን ደስ አለሽ ይባል እንደሆነ አላወቀም። እጆቹ አሁንም ከኋላው ናቸው። ዩስራ አየቻቸው።

«አሁን ያዝልኝ አባ።»

ጎንበስ አለ። «የቱ ጋ ነው የሚያዘው?»

«የትም» አለች።