መርዶ የሆነው ምዕራፍ

የዞምቢ ደራሲ ነኝ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ፣ እኔም እስቃለሁ። ቀን ፋርማሲ ቆሜ መድኃኒት እሸጣለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ደግሞ ጉለሌን አጠፋለሁ። ሽሮ ሜዳን ከነሱቁ አቃጥያለሁ፤ የሸጎሌን የከብት ገበያ ከነነጋዴው አስበልቻለሁ። ምዕራፍ በምዕራፍ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ፣ አንባቢዎቼም ምሕረት የላቸውም። አንዱ «ሬሳ የቀጨኔን ዳገት እንዴት ሮጦ ይወጣል? በሕይወት ያለነው እንኳ እያረፍን ነው የምንወጣው» ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ሙታኖቼን ቀስ ብለው እንዲሄዱ አደረግኳቸው።

የውጭዎቹ ታሪኮች ለእኛ ሰፈር ልክ አይሆኑም። እዚያ ሰው ሽጉጡን ያነሣል፣ መኪናውን ያስነሣል፣ በባዶ መንገድ ይሸሻል። እኛ ጋ ማን ሽጉጥ አለው? ማንስ ጎረቤቱን ጥሎ ይሸሻል? እኛ ሰፈር ሰው ሞቶ ቢነሣ የእድሩ ዳኛ በር ላይ ያስቆሙትና «ቆይ እንጂ፣ አንተን እኮ ቀብረንሃል! በየትኛው ደንብ ነው የተነሣኸው?» ብለው ይሟገቱታል። እንዲህ ስጽፍ ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ግን አይፈራም፤ ዞምቢ ጽፎ አለማስፈራት ደግሞ ውርደት ነው።

ለምን እንደማላስፈራ የነገረኝ እንደኔው ዞምቢ የሚጽፍ ጓደኛዬ ነው። ባዮሎጂ ያስተምራል። አዲሱ ገበያ ማኪያቶ እየጠጣን ምዕራፎቼን ሲያነብ ቆየና ስልኬን መለሰልኝ።

«አንቺ የምታስነሺው የማታውቂያቸውን ሰዎች ነው» አለኝ። «በማያውቀው ሰው ማን ይደነግጣል? የምታውቂውን አንሺ። እኔ አባቴን አንሥቻለሁ። ስንት ቀን እንቅልፍ ነሣኝ መሰለሽ! ግን ምርጡ ምዕራፌ እሱ ነው።»

እብድ ነህ አልኩት። ታክሲ ውስጥ ስገባ ግን ማንን እንደማነሣ አውቄ ነበር።

ወንድሜ ሹፌር ነው። ነው እላለሁ፤ «ነበር» ለማለት ምላሴ እሺ አይለኝም። ጭነት ይዞ ወጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ሞቷል ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። ያልጠየቅንበት ቢሮ፣ ያልለመንነው ሹፌር የለም። እማዬ አልጋውን እያነጠፈች፣ አንሶላውን እያጠበች፣ ድንገት ይደውል ይሆናል ብላ ስልኳን ሌሊት እንኳ ሳታጠፋ ትጠብቃለች። ቸርች ውስጥ ለመንገደኞች ሲጸለይ ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት። አባታችን ሸማኔ ነበር፤ ካረፈ ቆይቷል። እማዬ ዛሬም ጥጥ እየፈተለች ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ታስረክባለች።

ወንድሜ ከመንገድ ሲመለስ በር አያንኳኳም። ገና ከዳገቱ ላይ «እማ፣ ውሃ ጣጂ!» ብሎ ይጮሃል፣ እግሩን ሊታጠብ። ሰፈሩ በሙሉ ድምፁን ያውቀዋል። እኔም ጻፍኩት። አንድ ሹፌር፣ ልብሱ በጭቃና በደም የደረቀ፣ ዳገቱን እየተጎተተ ወርዶ የእናቱ ቆርቆሮ በር ላይ ይቆማል። ከሰው ባሕርዩ የቀረው አንድ ቃል ነው። «ውሃ» ይላል። እናትየው ከውስጥ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ትሰማዋለች። ትክፈት አትክፈት ሳልናገር እዚያው ላይ ቆረጥኩት።

እየጻፍኩ አለቀስኩ። ግን ለጠፍኩት። አንባቢው አበደ፤ በዚያው ሳምንት አንድ ድምፀ መልካም ሰው ተርኮት ዩቲዩብ ላይ ጫነው። ደስ አለኝ፣ ምን ይደረግ! ደራሲ ነኝ።

እማዬ የጻፍኩትን አንብባ አታውቅም። «ሙታንን የሚያስነሣ ጌታ ነው፤ አንቺ እጅሽን ሰብስቢ» ትለኛለች። ጎረቤታችን ግን ግቢያችን ቁጭ ብላ ጥልፍ ስትጠልፍ ስልኳ ቀኑን ሙሉ ትረካ ይለፈልፋል። የእኔን ምዕራፍ የከፈተች ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። በኋላ ጎረቤታችን እንደነገረችኝ፣ ትረካው «ውሃ» የሚለው ላይ ሲደርስ እማዬ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ማነው የጻፈው?» አለቻት።

«ልጅሽ ናት እኮ!» አለች ያቺ የዋህ፣ በኩራት።

ማታ እራት አቅርባ፣ እሷ ሳትበላ እኔን ስታየኝ ቆየች። «ሆድ ይፍጀው ብለሽ ብቻሽን ይዘሽው ከረምሽ አይደል፣ ልጄ?» አለችኝ። የሥራዬን ድካም ያነሣች መስሎኝ «ለመድኩት፣ እማ» አልኳት። ራሴን ዳበሰችኝና ገብታ ተኛች።

ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ በመጥረጊያ ድምፅ ነቃሁ። ሳሎን ብወጣ ጠረጴዛው ወጥቷል፣ ወንበሮቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፣ ፍራሽ መሬት ተነጥፏል። እማዬ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ደጅ ያሉትን አስገቢያቸው። ብርድ ነው፣ አታቁሚያቸው።»

«እነማንን?»

«ሽማግሌዎቹን ነዋ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደመጣ አይነገርም። የሰማ ሰው አፉን ይይዛል፣ ይመከርበታል፣ ከዚያ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል። መጨረሻ የምትሰማው ደግሞ ሁልጊዜ እናት ናት። የአክስቴ ልጅ የሞተ ጊዜ እማዬ ራሷ አክስቴን ስታጫውታት፣ ስታስቃት ነበር የሰነበተችው። እንግዲህ ትረካውን የሰማችው በዚያ ጆሮዋ ነው። «ልጄ የወንድሟን ሞት ሰምታ፣ መንገር ቢያቅታት ጽፋ ተነፈሰችው፤ ሰው ሁሉ ከሰማ ደግሞ ነገ ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም» አለች በልቧ። ቤቷን አሰናድታ መርዶዋን ትጠብቃለች።

«እማ፣ ማንም አይመጣም። ልብ ወለድ ነው! ከራሴ ያወጣሁት ነው!»

«ልጄ» አለችኝ፣ እንደማባበል ብላ፣ «ሰው የወንድሙን ሬሳ ከራሱ አያወጣም።»

ከዚያ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት ከእሷ ሰምቼ አላውቅም፤ አባታችን ሲሞት እንኳ የቸርች ሰዎች እየዘመሩ አረጋግተዋት ነበር። «ልጄን! ውሃ ሳልጥድለት!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ጎረቤታችን በርግዳ ገባች፣ እሷም ጮኸች። ጋቢዬን እንኳ ሳልደርብ መንደሩ ግቢያችን ውስጥ ሆነ። አግዳሚ ወንበር የተሸከሙ ሰዎች መጡ። የእድሩ ዳኛ ኮታቸውን እየለበሱ ደረሱና «መቼ ሰማችሁ? ድንኳኑን ላስመጣ?» አሉኝ።

«ምንም ድንኳን የለም!» ብዬ ጮህኩባቸው፣ አባት የሚሆኑ ሰው ላይ። «ማንም አልሞተም!»

«እግዚአብሔር ይመስገን! አለ እንዴ?»

«አላውቅም!»

ልብ ወለድ ነው ብል የሚያምነኝ አጣሁ። በመጨረሻ ለዚያ መምህር ጓደኛዬ ደውዬ ስልኩን በእማዬ ፊት ላውድ አደረግኩት። ከእንቅልፉ ባኖ «አዎ እናቴ፣ ፈጠራ ነው። እንዲህ አድርገሽ ጻፊ ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። ስለ ልጅዎ ምንም የሰማችው ነገር የለም፣ በእግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ» አለ። ጎረቤታችንም እያነባች «እውነት ነው፣ ባለፈውም አንዱን ሚኒስትር ዞምቢ አድርጋዋለች» አለች። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

«ወይ ጉድ! በቁም ላለ ሰው አስለቀሰችን» ብለው አንዲት አሮጊት ወጡ። ሌላውም ተከተለ። ወንበሮቹ በመጡበት ተመለሱ። ዳኛው ሳይቆጡኝ፣ ትከሻዬን ነካ አድርገው «እግዜር ያሳውቃችሁ» ብለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍራሹ ላይ እማዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። እፎይ የምትል፣ የምታቅፈኝ መስሎኝ ነበር። ጥፋቴን አውጥታ እንድትሰድበኝም ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እማ፣ በይ ተይው እንግዲህ። ደስ ይበልሽ። በሕይወት ይኖራል እኮ!»

«ትናንት ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ» አለችኝ፣ በሩን እያየች። «ከሄደ ጀምሮ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም። ቁርጤን አወቅሁ ብዬ ነው። ልጄ አይበርደውም፣ አይርበውም፣ ማንም አይመታውም ብዬ ነው። ዛሬ ደግሞ እንደ ሰው አለቀስኩለት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለበት ብትተዪኝ ኖሮ?»

እማዬ ነጠላዋን እንደ ወትሮው አስተካክላ ለበሰች። ከጉያዋ ስልኳን አወጣችና፣ ትናንት ማታ ያጠፋችውን መልሳ አበራችው።