«ብርድ ነው» ያልኳቸው እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ልናገር፤ እናንተ ቢያንስ ስግደት አታዙብኝም።

እኔ የሶሲዮሎጂ ዶክተር ነኝ። ድሃው ከሀብታሙ፣ ሴቷ ከወንዱ ይልቅ ለምን እንደምትታመም ሳጠና ነው ዕድሜዬ ያለቀው። መርፌ ይዤ አላውቅም። ደም ካየሁ ያዞረኛል።

ወጣት ሳለሁ ለጥናት ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ብሎ ድንጋይ ላይ ተዘርፍጬ ሳለሁ፣ ሊያሳድሩኝ የተስማሙት ገበሬ አያ ይመኑ በቅሎ እየሳቡ መጡ።

«ዶክተሩ እርስዎ ነዎት?»

ነኝ አልኩ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ይህ ውሸት ነው? የምን ዶክተር እንደሆንኩ ግን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው በቅሎዋን ይዘው የሚመለሱ መሰለኝ።

ቤት ስንደርስ ሚስታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወገባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «እስቲ ይዩልኝ» አሉ አያ ይመኑ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። የሴትዮዋን እጅ ይዤ የደም ሥራቸውን ትርታ ፈለግኩ፤ አጣሁት፤ አጥቼውም እንዳገኘ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ የማውቀውን አዘዝኩ።

«ውሃ መሸከም ክልክል ነው። እርስዎ ይቅዱላቸው።»

«እኔ? ጀሪካን አዝዬ? ኧረ ሰው ምን ይለኛል!»

«መድኃኒቱ ይኸው ነው።»

በማግስቱ የመንደሩ ሴት ሁሉ ወገቡን ይዞ መጣ። ለሁሉም ያንኑ አዘዝኩ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ምንጩ ዳር ተሰለፉ። እኔ ሐሰተኛው፣ ኮራሁ!

ልሰናበት ስል አያ ይመኑ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። «እኔንስ ይቺ ሳል አልለቅ አለችኝ» አሉ። ከስተዋል፤ ሌሊት ሌሊት ያልባቸዋል። ወደ ጤና ጣቢያ ልልካቸው አሰብኩ። ነገር ግን እዚያ ያለው ነርስ ለጥናቴ አነጋግሬው ስለነበር ማን እንደሆንኩ ያውቃል። «ዶክተሩ ላኩኝ» ቢሉትስ? መሳቂያ ልሆን? እናም «ብርድ ነው፤ ይደራርቡ» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ።

ክረምቱ ወጥቶ ስመለስ አያ ይመኑ አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ አገኘኋቸው። የሳንባ ነቀርሳ ኖሯል። ደግነቱ መድኃኒት ጀምረው እያገገሙ ነው። ወይዘሮ አትጠገብ ግን ባል ሲያስታምሙ ጀሪካኑም ወደ ጀርባቸው ተመልሶ፣ ከበፊቱ የባሰ ጎብጠዋል።

«ብርድ ያሉት እውነትዎን ነው» አሉኝ አያ ይመኑ። «ብርዱ ሳንባዬ ገብቶ ኖሯል። ነርሱ ‹ለምን ቆዩ?› ብሎ ሲቆጣኝ፣ ዶክተር አይተውኛል አልኩት። ‹የቱ ዶክተር?› ቢለኝ ግን ስምዎን አልሰጠሁም። ይቀናብዎታል ብዬ።»

ያኔስ ተናገርኩ? አንድ ማዳበሪያ ድንች ሰጡኝ፤ አመስግኜ ወረድኩ።

ከዚያም ጻፍኩ። ገበሬው ወደ ሕክምና ዘግይቶ የሚሄደው «በግንዛቤ እጥረት» ነው አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ዓመት በመጣ ቁጥር ለተማሪዎቼ ይህንኑ አስተምራለሁ። የማን ግንዛቤ? ሰውየው እኮ ጠይቀው ነበር! ሐኪም ነው ያሉትን ሰው ጠይቀው፣ እንደታዘዙት ጋቢ ደርበው ተቀምጠው ነበር። ያዘገየኋቸው እኔ ነኝ። ልጅነት ነው አልልም፤ ስንት የማይዋሽ ልጅ አለ።

ይቅርታውንም ከእናንተ አልለምንም፤ የእናንተ አይደለም። የይቅርታው ባለቤት አያ ይመኑ በሕይወት አሉ። ስልክም አላቸው። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውሉና «ዶክተር፣ ደህና ነዎት?» ይሉኛል።

«ደህና ነኝ» እላቸዋለሁ።