ያለፈውን ሥርዓት ያስነሳሁ ዕለት

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም ሳይቆይ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ያኔ የሆነውን ሳስታውስ ደሜ ይፈላል፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይቀድመኛል።

የቢሮው ብቸኛ ኮምፒውተር ውስጡ ያለው ዲስክ ተቃጥሎ ቆመ። አዲስ አበባ ይላክ ተባለ፤ የሚልከው ግን ጠፋ። ወደ ማታር የሚመደቡ መምህራን ደብዳቤ እየጠበቁ ግቢውን ሞልተውታል። ክረምት ከገባ መንገዱ ይዘጋል።

እኔ ደግሞ ኢታንግ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ የሰጠኝ፣ ከውጭ የሚሰካ ዲስክ ነበረኝ። ሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተጭኖበታል፤ አሮጌና አዲስ። አዲሱ ፈጣን ነው፤ የአማርኛ ፊደል ያለው ግን አሮጌው ላይ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን ከዚህ ዲስክ ማስነሳት ይቻላል። የግል ዕቃ ያለ ፈቃድ ስለማይገባ ማመልከቻ ጻፍኩ።

ኃላፊያችን አቶ ደምሴ መለሱብኝ። "ሲስተም ምንድነው? በአማርኛ ጻፊ እንጂ!" አሉኝ፣ ሰው ፊት። እኔ አኙዋ ነኝ፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ነገሩ ከነከነኝ። መዝገበ ቃላት አገላብጬ፣ አንድ የፈረንጅ ቃል ሳላስገባ እንደገና ጻፍኩ፦ "ያለፈውም አዲሱም ሥርዓት በእጄ ስለሚገኙ፣ ከተፈቀደልኝ ያለፈውን ሥርዓት ማስነሳት እችላለሁ።"

በማግስቱ ለግምገማ ተጠራሁ።

ኮምፒውተሩ ያለበት ሰፊው ክፍል ጢም ብሏል። መምህራኑ በር ላይ ቆመው ያያሉ። አቶ ደምሴ ማመልከቻዬን ጮክ ብለው አነበቡና "ያለፈው ሥርዓት ናፋቂ መሐላችን አለች!" አሉ።

ደርግን ናፈቀች መባሌ እኮ ነው! ታላቅ ወንድሜን ለውትድርና አፍሰው ወስደው ያልመለሱልኝ እኔ!

"አሪያት፣ ግለሂስ አድርጊ። አለዚያ ሥራሽን ታጫለሽ" አሉኝ።

"አላደርግም" አልኩ። "ያላጠፋሁትን አጠፋሁ አልልም። መጀመሪያ ዕቃውን እዩት።"

ጠዋት ፈታሹን ሸውጄ ያስገባሁትን ዲስክ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰካሁት። ሞቷል የተባለው ኮምፒውተር በራ። አሮጌውንና አዲሱን የሚያስመርጡ ሁለት መስመሮች መጡ።

"ሥርዓት ያልኩት ይኼንን ነው። ይምረጡ" አልኳቸው።

"አዲሱን ነዋ!" አሉ ፈጠን ብለው።

አዲሱን አስነስቼ፣ በፍሎፒ የያዝኩትን የመምህራኑን ደብዳቤ ከፈትኩ። ፊደል የሚባል ነገር የለም፤ ገጹ ሙሉ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። ከበሩ አንድ መምህር "ኧረ በናታችሁ፣ መንገዱ ሊዘጋብን ነው!" ብሎ ጮኸ።

አቶ ደምሴ ላባቸውን ጠረጉ። "እሺ በቃ፣ ያለፈው ይሻላል። ያለፈውን አስነሺው!" አሉ።

እኔ ቃለ ጉባኤ ወደሚይዘው ሰው ዞርኩና "ይቺንም ጻፋት" አልኩት።

ሳቁ ከበር ጀመረ። በመጨረሻ አቶ ደምሴም ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። መምህራኑ ደብዳቤያቸውን የዚያኑ ዕለት ይዘው ሄዱ፤ እኔም ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም።

ግለሂሱን እስከ ዛሬ አላደረግኩም፤ አላደርግምም። የማመልከቻዬ ግልባጭ አሁንም ቤቴ አለ። አንዲት ፊደል አልሰርዝባትም። አማርኛዬ ልክ ነበር!