በረዶ ያወረዳቸው ወፎች

አባቴ የቁስቋም ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። ጥቅምት ሲገባ ከሰዓት በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ያሰናብቱና ከቤታችን በታች ካለው መስክ ዳር ተቀምጠው ወፎች ይጠብቃሉ። ደረታቸው ቢጫ፣ ከከብቶች እግር ሥር ዝንብ እየለቀሙ ጅራታቸውን ሽቅብ ቁልቁል የሚያወዛውዙ ትንንሽ ወፎች ናቸው። ክረምቱን አይታዩም፤ ዝናቡ ሲያበቃ በመንጋ ይወርዳሉ። አገራቸው የት እንደሆነ አባቴ አያውቁም። «በሰሜን በኩል ነው የሚገቡት» ይሉኛል፤ ሌላ አይጨምሩም።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ባሌ ሞቶብኝ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። እኔም አብሬያቸው መስኩ ዳር መዋል ጀመርኩ። ብዙ አንነጋገርም። «ያችን አየሻት? ጉሮሮዋ ነጭ ነው» ይሉኛል። አየኋት እላለሁ።

አንድ ቀን ሰማዩ ድንገት ጠቆረና በረዶ ጣለ። ጎጆው የሚፈርስ መሰለን። ሲያባራ ወጣን። መስኩ ነጭ ለብሷል፤ በነጩ ላይ ቢጫ ቢጫው ተበትኗል።

አባቴ ተንበርክከው አንዷን አነሱ። «ትተነፍሳለች፤ ቶሎ በይ» አሉኝ። በነጠላዬ እየለቀምኩ አስገባሁና ምድጃው አጠገብ ባዘቶ ላይ አስተኛኋቸው። በጣቴ ጫፍ ውሃ ባንጠባጥብላቸውም ምንቃራቸውን አይከፍቱም።

እንዲህ ስንሆን ከታች የሚያርሰው ጎረቤታችን እስከ ጉልበቱ ጨቅይቶ መጣ።

«አያ፣ ግባ» አልኩት።

«የኔታ፣ ጤፌ አለቀ» አላቸው አባቴን። «አሽቶ ነበር። በረዶው ከምድር ደባለቀው።» ከዚያ ባዘቶውን አየ። «ምነው የኔታ? ለወፍ ነው እንዲህ የሚሆኑት?»

አባቴ ቀና ብለው አዩት። እኔም ንዴት ያዘኝ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። ሰውየው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንዷን ወፍ በሁለት እጁ ይዞ በትንፋሹ ያሞቃት ጀመር።

«ልጆቼን ምን ላበላ ነው?» አለ ቀና ሳይል።

ወፏ እጁ ላይ ሞተች። እሱ ግን ማሞቁን አልተወም።

ፀሐይ ብቅ ስትል ጥቂቶቹ ቆሙ። በሩን ከፈትኩላቸውና በረሩ። የሞቱት ይበዙ ነበር፤ አባቴ ጓሮ ቆፍረው ቀበሯቸው።

ሰውየውን ከደብሩ ከሚደርሰን እህል አካፈልነው። ለእኛም የማይበቃ እህል ነው፤ እሱ ቤትም ብዙ አልቆየም። ኅዳር ላይ ልጆቹን ይዞ እንፍራንዝ ካሉት ዘመዶቹ ዘንድ ለመጠጋት ተነሣ። እስከ ቀሐ ወንዝ ሸኘናቸው። ወንዙን ሲሻገሩ ትንሿን ልጅ አዘላት።

«እንግዲህ እንመለስ» አልኳቸው አባቴን።

«ትንሽ ቆዪ» አሉኝ።

ቆምን። እነሱ ከዓይናችን ከራቁ ቆይተዋል፤ አባቴ ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ባዶውን መንገድ ያያሉ።