ቡችላን በዳቦ ቆሎ ማሠልጠን

ሥራዬ መምህራንን ማሠልጠን ነው። ጋምቤላ ከመጣሁ አሥር ዓመት አልፎኛል፤ በእነዚህ ዓመታት የሚረብሽን ልጅ እንዴት ማረጋጋት፣ ያጠፋውን ሳያሸማቅቁ እንዴት ማረም፣ የጎበዘውን እንዴት ማበረታታት እንደሚቻል ለስንቱ ሰው አስተምሬያለሁ። ስለዚህ አንድ ቡችላ እጅ መስጠት ላስተምር ብዬ ስነሣ ሥራው ከባድ ሆኖ አልታየኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ ደረጃ ዝቅ ያለ መስሎኝ ነበር።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጅማ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እኔና እናቷ ከተለያየን ቆይተናል። አንጣላም፤ በስልክ "ሰላም ነው?" እንባባልና ስልኩ ለልጅቷ ይሰጣል። ባለፈው ዓመት ክረምቱን እኔ ጋ ልታሳልፍ መጥታ ነበር። ሁለት ወር ትቆያለች የተባለችው ልጅ በአሥረኛው ቀን "እማዬ ትምጣና ትውሰደኝ" አለች። እኔ ሙቀቱ ነው አልኩ። ሙቀቱ አለ፣ ትንኙ አለ፣ ጓደኛም የላትም። እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ "ጋምቤላ እኮ ለለመደው ነው" አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም።

ከዚያ በኋላ የስልክ ወሬያችን ከሰላምታ አላልፍ አለ። ትምህርት እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው፣ ስንተኛ ወጣሽ፣ ገና አልተነገረንም፣ በይ ቻው። አንድ ቀን ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ይሠራ የነበረ ወዳጄ ሲዛወር፣ ሊወስደው ያልቻለውን ቡችላ በካርቶን አድርጎ በባጃጅ ላከልኝ። በዚያው ሰሞን ለልጄ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ "ቻው" ሳትል ቆየች።

"እጅ ይሰጣል?" አለችኝ።

"አዎ፣ ይሰጣል" አልኳት። ቡችላው በዚያች ሰዓት ጫማዬ ውስጥ እየሸና ነበር።

"እንግዲያው ክረምት እመጣለሁ።"

እናቷ ስልኩን ተቀበለችና ነገሩን በአጭሩ ቋጨችው። አንድ ሳምንት ትሞክረው፤ ከወደደችው ክረምቱን ሁሉ ትቆያለች፤ ካልወደደችው ደውልልኝ፣ መጥቼ እወስዳታለሁ። እንግዲህ የልጄ ክረምት በአንድ ቡችላ የፊት እግር ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ወዲያው ዕቅድ አወጣሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ቡችላውን ይዞ ይጫወታል፤ እኔ ዕቅድ አወጣሁ። ዓላማ፦ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ቡችላው ሲጠራ ይመጣል። የማስተማሪያ ዘዴ፦ ገለጻ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ ልምምድ። ከታች ደግሞ ለተከታታይ ምዘና የሚሆን ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ሠንጠረዡን ባየሁት ቁጥር ግማሹ ሥራ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። በሚያዝያም ሠንጠረዡ እንደ መጀመሪያው ቀን ንጹሕ ነበር።

አንደኛው ጥፋት የጾሙ ነው። ቡችላው የመጣው በሁዳዴ ቅበላ ዕለት ነው፤ በዚያች ቀን ብቻ ከእጄ ሥጋ በላ። ከዚያ በኋላ ኀምሳ አምስት ቀን። በዩቲዩብ ያየሁት ሰውዬ ውሻው በታዘዘለት ቁጥር ትንንሽ የጉበት ቁራጭ ከኪሱ እያወጣ ያጎርሰዋል። እኔ ደግሞ በሁዳዴ ቤቴ ጉበት አላስገባም፤ ለውሻም ቢሆን። ቢላው አለ፣ መክተፊያው አለ፣ ይነካካል። ሽልማት የሌለው ትምህርት እንደማይዝ ግን ራሴ ነኝ የማስተምረው። ስለዚህ ከሰውዬው ኪስ ከሚወጣው ነገር ጋር በመልክ የሚቀራረብ የጾም ምግብ ፈለግሁና ዳቦ ቆሎ አገኘሁ። ቡችላው የመጀመሪያዋን በአክብሮት ተቀበለኝ፤ ወደ ማንጎው ዛፍ ወሰዳት፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራት። ሁለተኛዋንም እንዲሁ።

ከግቢው ማዶ ደግሞ አከራዬ አሉ። አኙዋ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ግቢውን ለሁለት ከፍለው አንዱን ለእኔ አከራዩኝ። እኔ "እማማ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "መምህር" ይሉኛል። ወንድማቸው ባሮ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፤ በየቀኑ አንድ ትልቅ አምባዛ ደጃፋቸው ላይ ይዘረጋል። እማማ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው የዓሣውን ሆድ ይከፍታሉ፤ ጭንቅላቱንና አንጀቱን ወደ ጎን ይጥላሉ። ጎን የተባለው ቦታ ላይ ማን ቁጭ እንደሚል መናገር አያስፈልግም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የእኔው በበላበት ይጮኻል፣ በበላበት ይተኛል፣ ከእኔ ጫማ የቀኝ እግሩን እየመረጠ በበላበት ደጃፍ ያስቀምጣል።

ሁለት ስም ነበረው። አንዱ እኔ ያወጣሁለት ነው፤ ሌላው እማማ ሲጠሩበት የሚሰማው።

ሁለተኛው ጥፋት የአባቴ ነው፤ ማለቴ አባቴ ያስተማረኝ ነው። እኛ አገር ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ቀን የተፈታ ውሻ ልክስክስ ይሆናል፣ ጌታውን አያውቅም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከማንጎው ሥር አስረዋለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ሥልጠና እንጀምራለን። እሱ ግን ገመዱን በልቶ ይጠብቀኛል። በዚያ ጾም ከእኔ እጅ ያገኘው ጣዕም ያለው ነገር ገመዱ ሳይሆን አይቀርም። ገመድ ቀየርኩ፤ አጥሩን በጥርሱ ቀደደው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ብዬ ስጨነቅ የጎረቤት ፍየል ገባችና የእማማን በቆሎ ጨረሰችው። እማማ ፍየሏን በበትር አባረው ሲያበቁ እኔ ዘንድ መጡ፤ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ገመዱን አንሥተው አዩት።

"መምህር፣ አንተ ውሻ ታስራለህ። ከዚያ ና ትላለህ። እንዴት ይመጣል?"

መልስ ነበረኝ፤ ረጅም መልስ። ስለ ሥርዓት፣ ስለ ልማድ፣ ደረጃ በደረጃ ስለ መማር። ግማሹን ከተናገርኩ በኋላ እማማ "እሺ" ብለው ወደ ዓሣቸው ተመለሱ። ተማሪዎቼም እንዲሁ "እሺ" ይሉኛል፤ ሁልጊዜ መግባባት ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ሠርቶ ማሳየቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡችላው እጅ መስጠት ምን እንደሆነ ያልገባው ስላላየ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ግቢው መሃል ተንበረከክሁ፣ ግራ እጄን መሬት አስደግፌ ቀኝ እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ቡችላው ጭንቅላቱን ዘመም አድርጎ አየኝ፤ ደስ ያለው ይመስላል። "አየህ? እጅ! እንዲህ ነው፣ እጅ!" እያልኩ ደጋግሜ አነሣሁ። በፍየሏ በር በኩል ድምፅ ሰማሁና ዞር ስል ሁለት ተማሪዎቼ ቆመዋል። "ቲቸር፣ ደኅና ዋሉ?" አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኳቸው፣ ከነበርኩበት ሳልነሣ። ምን ብዬ እነሣለሁ? ሰኞ ክፍል ስገባ ከወትሮው የበለጠ ጸጥታ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ ከየት እንደሚመጣ በማስተምረው መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም።

ፋሲካ ሲደርስ ተስፋዬ ታደሰ። ጾሙ ተፈታ፤ አሁን የእኔም ቤት ሥጋ አለ። ከዶሮውም ከበጉም ቆርጬ፣ ትልቅ አጥንት ጨምሬ፣ በስሙ ጠርቼ ሰጠሁት፤ በእኔው ስም። አጥንቱን ከእጄ ተቀበለ። በአፉ ይዞ ግቢውን በቀስታ አቋረጠና እማማ ደጃፍ ተጋድሞ በላው። ቅናት የሚባለውን ነገር ከወጣትነቴ ወዲህ እንደዚያን ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። በአንድ ውሻ ምክንያት አንዲት ባልቴት ላይ ቀናሁ። ከዚያ በኋላ ዳቦ ቆሎውን ራሴ በላሁት፤ ሥልጠናውን ግን አጠበቅሁት። "እጅ!" እላለሁ። ዝም። "ድገም!" እላለሁ። ያልሠራውን ምን ብሎ እንደሚደግመው አላሰብኩበትም፤ ሃያ ዓመት የኖርኩበት ቃል ነው፣ ከአፌ የሚወጣው ሳላስበው ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጅማ ድረስ ሄጄ ልጄን አመጣኋት። መንገዱን ሁሉ ስለ ውሻው ጠየቀችኝ። ቀኝ እጁን ነው የሚሰጠው ወይስ ግራውን? ቀኙን። ለማያውቀው ሰውም ይሰጣል? ለጨዋ ሰው ይሰጣል። መቱን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ ውሸቴ ከእኔ ቁጥጥር ወጥቶ ነበር።

ግቢ ስንገባ ውሻው፣ አሁን እግሩ ብቻ የሆነ ጎረምሳ፣ ሮጦ ደረቷ ላይ ወጣ። ሳቀች። ባለፈው ዓመት በአሥሩም ቀን እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ጥሩ ነበር። እኔ ግን "ቆይ ቆይ፣ አንተ! ውረድ!" ብዬ በአንገቱ ይዤ አሰርኩት። "እጅ የሚሰጠው ነገ ነው፣ ዛሬ ደክሞታል" አልኳት። በማግስቱ ሙቀቱ ከብዶታል አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሆዱን አሞታል አልኩ። እሷ ከእማማ ጋር ዓሣ ስትከፍት እኔ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን የክረምት ዕቅድ አሳያታለሁ፤ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሒሳብ፣ ከአራት እስከ አምስት ንባብ። "እሺ አባዬ" ትለኛለች። ሳምንቱ ያልቃል፣ እናቷ ስልክ ትጠብቃለች፣ እኔ ገና የውሻውን እግር እለምናለሁ።

በስድስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ እፊቴ መጥታ ቆመች። "አባዬ፣ አሁን እጅ ይስጠኝ።"

የማመልጥበት አልነበረም። ውሻውን ከማንጎው ሥር፣ በገመዱ እንዳለ፣ ፊት ለፊቷ አቆምኩት። እማማ ቢላቸውን ይዘው ከማዶ ያያሉ። "እጅ!" አልኩ። ውሻው አየኝ፣ ጆሮውን አጠፈ፣ ሆዱን መሬት ላይ አጣበቀ። "እጅ! ድገም! ድገም አልኩህ እኮ!" ገመዱን ሳብኩት። ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅሁት የእማማ ዶሮዎች ሲበተኑ ነው። ውሻው ተኝቶ እንዳለ ሸና።

ቀና ብዬ ልጄን ሳያት ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደብቃለች።

"ተወው አባዬ" አለች። "ባለፈው ዓመት እኔንም እንዲህ ነበር ያልከኝ።"

"ምን አልኩሽ?"

"ድገሚ። ጠዋት ጠዋት ሰባትን አባዢ፣ ድገሚ። ስሳሳት ድገሚ። ሳልሳሳትም ድገሚ።"

"ታዲያ የሄድሽው ለዚህ ነው? እኔ እኮ ሙቀቱ . . ."

"ሙቀቱን እወደዋለሁ" አለች።

አፈርኩ። ሰው ፊት ስላዋረደችኝ አይደለም፤ ሙሉ ዓመት ሙቀቱን ስወቅስ ስለኖርኩ ነው። እናቷ ያን ዕለት ያልመለሰችልኝ ለምን እንደሆነም ገባኝ። ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም። ልጄን ምን ያህል እንደምወዳት የሚያውቅ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለእሷ የደረሳት የማባዛት ሠንጠረዥ ነው። ጎንበስ ብዬ ገመዱን ከውሻው አንገት ፈታሁት። ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ሄደም። ልጄ ግን አልተከተለችውም፤ እዚያው ቆማ ታየኛለች።

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ቃል ቃል ነው። "ለእናትሽ ልደውልላት?" አልኳት።

"ነገ ምን እንሠራለን?" አለች።

"ምንም።"

"ሒሳብስ?"

"የለም።"

"ባሮ ዳር እንሄዳለን?"

"ከፈለግሽ እንሄዳለን።"

"እዚያ ስንሄድ ምን ታስተምረኛለህ?"

አፌን ከፍቼ ነበር። ድሮ ከሱዳን ይመጡ ስለነበሩት መርከቦች፣ ወደቡ የት እንደነበር፣ ወንዙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚፈስ፣ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

"ምንም" አልኳት።

እየዋሸሁ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ልጅ ወላጁን እንደዚያ ማየት አልነበረበትም፤ ግን እንደዚያ ልታየኝ መብቷ ነበር።

"እሺ" አለችኝ በመጨረሻ። "እስከ ሰኞ አትደውል።"