ሳታለቅስ ትድረስ

አምቦ ፍልውሃ መጥቶ ያደረ እንግዳ ሁሉ ደብሪቱ ባጠበችው አንሶላ ላይ ተኝቷል። እሷን የሚያውቃት ግን ጥቂት ነው፤ አንሶላውን ማን እንዳጠበው የሚጠይቅ እንግዳ የታለና! ጣሊያን በወጣ ሰሞን ገና በወጣትነቷ ተቀጥራ፣ ከመታጠቢያው ጀርባ ካለው ድንጋይ ላይ እንዳጎነበሰች አርባ ሊሞላት ተቃረበ። ባሏን ጉደር ወንዝ ሞልቶ ሲወስድባት የሙሽርነት ወጓ እንኳ በቅጡ አላለቀም ነበር። ሌላ ባል አግቢ ሲሏት «መጥቶ ምን ሊበላ?» ብላ ትስቃለች። ሳቋ ደግሞ ሰፈር ያዳርሳል። በኦሮምኛ ተቆጥታ በአማርኛ የምትታረቅ፣ የሰው ልጅ ሲያለቅስ ሰምታ ማለፍ የማይሆንላት ሴት ነበረች። የራሴ የምትለው ልጅ ግን አልነበራትም።

የጎረቤቷ የወይዘሮ አመለሸጋ መከራ ሌላ ነው። አመለሸጋ ትወልዳለች፤ አይበረክትላትም። ባሏ አቶ ውባየሁ ስልክ ቤት የሚሠራ የጎንደር ሰው ነው፤ ሁለቱም አምቦ በቆዩባቸው ዓመታት ሦስት ሕፃናት ቀብረዋል። አራተኛዋ በተወለደች ዕለት፣ ሰፈሩ የሚፈራቸውም የሚሰማቸውም አሮጊት እመት ወለተማርያም ከአራሷ አልጋ አጠገብ ተቀመጡና ቆርጠው ተናገሩ።

«ይቺ ልጅ ያንቺ አይደለችም። በጓሮ በኩል ለደብሪቱ ትሰጫታለሽ፤ እሷም አንድ እፍኝ ቆሎ ትሰጥሻለች። ሸጥሽላት ማለት ነው። ስም እንዳታወጪላት፣ ልጄ ብለሽ እንዳትጠሪያት። ጡት እንደ ባዳ ሄደሽ ታጠቢያታለሽ። አፏን ስትፈታ ትመለስልሻለች።»

«ከተመለሰችልኝስ በኋላ ትቆይልኛለች?» አለች አመለሸጋ።

«እያለቀሰች አትቀበያት ብቻ። ያን ቀን አንቺ አትሄጂላትም፤ እሷ ትመጣልሻለች፤ በእግሯ፣ በገዛ ፈቃዷ። ካለቀሰች ቀኗ ገና ነው፤ ደብሪቱ ይዛት ትመለስ።»

ሞት ቤቱን እንዲስት ሲባል የሚደረግ ነገር ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ ሦስት ልጅ የቀበረ ሰው ግን አይስቅም።

ደብሪቱ ሕፃኗን ጉዴ አለቻት። አመለሸጋ ማለዳና ማታ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በጓሮ በር ትመጣና «የደብሪቱ ልጅ እንዴት አደረች?» ትላለች፤ ታጠባና ወደ ኋላዋ ሳታይ ትሄዳለች። ልጅቷ ዳዴ ማለት ስትጀምር ለአቶ ውባየሁ ወደ ጎንደር ዝውውር መጣለት። ጉዴ አፏን አልፈታችምና አምቦ ቀረች። አመለሸጋ አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ እንኳ ልጅቷን አቅፋ አልሳመቻትም። እንዲህ ያለ ጭካኔ ከፍቅር በቀር ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው ደብሪቱ የተሳሳተችው። የሰው ገንዘብ ነው የያዝኩት ማለቱን ቀስ በቀስ ረሳችው። ጉዴ አንሶላ ሲሰጣ በመሐል መሐሉ እየተሽሎከሎከች፣ ቅርጫት ውስጥ እያሸለበች አደገች። አንድ ቀን ደብሪቱን ቀና ብላ አየችና «አዮ» አለቻት። በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። ደብሪቱ እጇ ላይ ያለውን አንሶላ እንደያዘች ቁጭ አለች። በሕይወቷ እንደዚያች ቀን ተደስታ አታውቅም።

በየወሩ መጨረሻ አቶ ውባየሁ ከጎንደር ይደውላል፤ ደብሪቱም አምቦ ስልክ ቤት ሄዳ ትቀበላለች።

«አፏን ፈታች ወይ?»

«ኧረ ገና ናት፣ አቶ ውባየሁ። ዝም ብላ ታያለች እንጂ።»

ይህ በሚባልበት ሰዓት ጉዴ ደጅ ላይ ቆማ የሰፈሩን ዶሮዎች በሁለት ቋንቋ ትሳደባለች። ስልከኛው ኦቦ ጉደታ ይሰማል፤ ደብሪቱን ያያታል፤ ዓይኑን ይመልሳል። በዚህ ዓይነት ክረምቱ ወጣ። ደብሪቱ ሌላ ጊዜ ዋሽታ አታውቅም ነበርና ማታ ማታ ለሚቀጥለው ስልክ እውነቱን እናገራለሁ እያለች ትተኛለች። ሆኖም የስልኩ ቀን ሲመጣ ያንኑ ትደግማለች።

የጥቅምቱ ስልክ የመጣ ቀን ጉዴን የሚይዝላት ሰው አጥታ ይዛት ገባች። «ገና ናት» ብላ ሳትጨርስ ልጅቷ እጀታውን መነተፈቻትና ኦቦ ጉደታ ሲል የሰማችውን በሙሉ ድምጿ ለቀቀችው።

«አሎ! አሎ! ይሰማል?»

ከወዲያ ማዶ የሴት ለቅሶ ተሰማ። ያን ቀን ስልኩ አጠገብ የቆመችው አመለሸጋ ነበረች።

«አዴ ደብሪቱ» አለ ኦቦ ጉደታ፣ እጀታውን ከልጅቷ እጅ ቀስ አድርጎ እየወሰደ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል?» ደብሪቱ ልጅቷን አዘለችና ወጣች።

የአውሮፕላን ቲኬት ተላከ። ደብሪቱ ደርሳ እንድትመለስ፣ ልጅቷ በጭኗ። ጎንደር ድረስ በመኪና ሕፃን አይችለውም ተባለ። ከመሄዷ በፊት እመት ወለተማርያም ጠርተው «እኔ ያልኩትን አትርሺ፤ ሳታለቅስ ትድረስ» አሏት። ደብሪቱ አንገቷን ነቀነቀች። አሮጊቷ ፊቷን ትክ ብለው አይተው አሰናበቷት።

አዲስ አበባ፣ ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ በደብሪቱ ልብ ውስጥ ምን እንደነበረ መደበቅ አይገባም። ታልቅስ ይላል ልቧ። ምንም አላድርግ፤ አልቆንጥጣት፣ አልምታት፤ ዝም ብዬ ብቻ ልቀመጥ። ይህን ጩኸትና ይህን ሁሉ ባዕድ ሰው ያየ ሕፃን ሳያባብሉት የማያለቅሰው ምን ቆርጦት ነው! እያለቀሰች ትደርሳለች፤ እያለቀሰች ከደረሰች ደግሞ አብራኝ ትመለሳለች። ሕጉ የእኔ አይደለም፤ የእመት ወለተማርያም ነው።

የአውሮፕላኑ ወንበር በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ የተዘረጋ ነው፤ መሐሉ ላይ ዕቃ በገመድ ታስሯል። ከፊት ለፊታቸው ፊቱን ያጠቆረ የጦር መኮንን ተቀምጧል፤ ከጎናቸው ደግሞ ፋንቱ የምትባል አፈኛ የጎንደር ነጋዴ። ሞተሩ ሲያጓራ ጉዴ ደብሪቱን አንገቷን አነቀቻት። አየር ላይ ሲወጡ ጆሮዋን ያዘችና ኡኡ አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን አባብያት እንጂ!» አለች ፋንቱ።

«ይተዋታል» አለች ደብሪቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

«ጆሮዋን ነው የያዛት። የሚዋጥ ነገር ስጫት፤ አለቀ!»

ደብሪቱ አልሰጠችም። ሻንጣዋ በእግሯ ሥር ነበር፤ ዳቦ ቆሎ አለበት። እጇን በጭኗ አጣምራ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። ልጅቷ አለቀሰች፣ አለቀሰች፤ በመጨረሻ ድምጿ ሰለለና ፊቷን በደብሪቱ ጡት መሐል ሸሽጋ «አዮ» አለች ቀስ ብላ። እየከሰሰቻት አልነበረም። ሕመሙን ታስወግድልኛለች ብላ ተማምና ነው የጠራቻት።

እናት ልሁን ብዬ ልጅ አሳምማለሁ እንዴ? አለች ደብሪቱ በልቧ። ጎንበስ ብላ ሻንጣውን ከፈተች።

ዳቦ ቆሎውን አንድ በአንድ አጎረሰቻት፤ እየዋጠች ጆሮዋ ተከፈተ። ቀጥሎ በሲባጎ የተሰካ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ወጣ። ጉዴ እያንሿሿች የአውሮፕላኑን ሰው ሁሉ ቀሰቀሰች፤ መኮንኑ ገላመጣትና ቆርኪው ተመልሶ ገባ። ከዚያ የልብስ መቆንጠጫ ወጣ። የዶሮ አፍ ሆነ፣ የፋንቱን ነጠላ ቆነጠጠ፣ ወለሉ ላይ ተራመደ፤ መጨረሻም ማንም ሳያየው የመኮንኑን የካፖርት ጫፍ ነክሶ ተንጠለጠለ። መኮንኑ ጎንበስ ብሎ አየና እንደ ሕፃን ሳቀ። ጣና ከታች ብቅ ሲል ደብሪቱ ከሐይቅ ሁሉ በአገሯ ያለውን ወንጪን ብቻ ነበር የምታውቀውና «ይሄ ወንጪ ነው እንዴ?» ብላ ፋንቱን አሳቀቻት።

ዳቦ ቆሎው አለቀ። መቆንጠጫው ሰለቸ። መንገዱ ግን አላለቀም፤ ጉዴም ከንፈሯን መጣል ጀመረች። ደብሪቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» አለች ጉዴ ወዲያው።

«ኩኩሉ!»

«ነጋ!» ብላ ነጠላውን ገለጠችና በሳቅ ተንከተከተች። «አዮ!»

ይህን ሲጫወቱ ነው ደብሪቱ ያሰበችው። ልጅቷ ሳታለቅስ ትደርሳለች፤ እሺ። ከዚያስ? በእግሯ ትሂድ የተባለው ወደ ማን ነው? ወደማታውቃት ሴት? ሻንጣዋ ውስጥ፣ ከታች፣ አመለሸጋ የላከችው የራሷ ፎቶግራፍ ነበረ። አምቦ ሳሉ ለጉዴ አንድ ቀን አሳይታት አታውቅም። አሁን አወጣችው።

ነጠላውን በራሷ ፊት ፋንታ በፎቶግራፉ ላይ አለበሰችው።

«ኩኩሉ! አዮ የታለች?»

ጉዴ ጣቷን ወደ ደብሪቱ ቀሰረች።

«አይደለችም። ግለጪና እዪ። ነጋ! አዮ ይቺ ናት።»

ልጅቷ ፎቶግራፉን አየች፤ ደብሪቱን አየች፤ ተቆጣች። ደብሪቱ ደግማ ሸፈነች። ልጅቷ ስትገልጥ እሷ እልል አለች፣ አጨበጨበች፣ ፎቶግራፉን ሳመች። ጨዋታ ነውና ልጅ ተሸነፈ። ወዲያው የእውነተኛዋን አዮ ትታ የወረቀቷን አዮ ትጠራ ጀመር።

«እኔስ ማን ነኝ?»

«አዮ።»

«እኔ ደብሪቱ ነኝ። በይ፣ ደብሪቱ።»

«ደቢ።»

«ጎሽ!» አለች ደብሪቱ። ፊቷ ይስቃል፤ እንባዋ ግን በአፍንጫዋ ዳር ይወርዳል። ፋንቱ ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ ነበርና አፏን በእጇ ያዘች።

አዘዞ፣ በጎንደር አውሮፕላን ሜዳ ዳር፣ አቶ ውባየሁና አመለሸጋ ቆመዋል። ደብሪቱ ጉዴን መሬት ላይ አቆመቻትና እጇን ለቀቀች። አመለሸጋ እንዳትሮጥ ተብላለች፤ አልሮጠችም። ግን ልጅቷ በሁለት እግሯ ቆማ ባየቻት ጊዜ አልቻለችም፤ ለቅሶዋን ለመደበቅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች።

ጉዴ ነጠላውን አየች። ፊቷ በራ። በዚያ በሰፊው ሜዳ ላይ ዱብ ዱብ እያለች ሄደች፤ ወደ ኋላዋም አልዞረችም። ሴትዮዋ እግር ሥር ደርሳ ነጠላውን በሁለት እጇ ጎተተችው።

«ነጋ!» አለች። «አዮ!»

«እንቁ» አለች አመለሸጋ ተንበርክካ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ በሆዷ ይዛ የቆየችውን ስም። «እንቁዬ! ልጄ!»

አቶ ውባየሁ መጥቶ ደብሪቱን እጇን ሳማት። «ሳታለቅስ! ምን አድርገሽላት ነው?»

«አጫወትኳት» አለች ደብሪቱ።

ቤት ገብተሽ እህል ቅመሺ ብለው ለመኗት፤ አውሮፕላኑ ያመልጠኛል አለች። ስትሄድ ጉዴ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና የአንገቷን ጌጥ ታገላብጥ ነበር። «ደብሪቱ ሄደች፤ ደህና ሁኚ በያት» ሲላት አባቷ፣ ቀና ሳትል «ደቢ ሄደች» አለች።

አምቦ ስትመለስ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጠበቃት። የምታጽናና ሴት ሁሉ «ልጅቷስ? እንዴት ሆነች?» ትላለች። ደብሪቱም ትተርካለች። እንዴት አለቀሰች መሰላችሁ! ቀሚሴን ይዛ አልለቅም ብላ፣ በሦስት ሰው ነው ያላቀቁኝ። «አዮ፣ አዮ» እያለች ጩኸቷ አውሮፕላኑ ውስጥ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ያለቅሳሉ። ደብሪቱ ራሷ አታለቅስም፤ ስትናገር እንደውም ዓይኗ ያበራል።

እመት ወለተማርያም ጥግ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ። ሰው እስኪበተን ቆዩና ደብሪቱ አጠገብ መጥተው አልጋዋ ላይ ተቀመጡ።

«አልቅሳ ቢሆን» አሉ በዝግታ፣ «ይዘሻት ትመጪ ነበር።»

ደብሪቱ አቀረቀረች።

«አላለቀሰችም፣ አይደል?»

«አላለቀሰችም፣ እማማ» አለች ደብሪቱ። «ዞራ እንኳ አላየችኝም።»

አሮጊቷ ራሷን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «በይ አንቺ አልቅሺ፤ ይውጣልሽ» አሏት። ደብሪቱም ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ አለቀሰች።