የዋጋዬ ተማሪዎች ግራ እጅ

ታናሽ እህቴ ዋጋዬ ዳንግላ ተወለደች የሚሉ ሰዎች አሉ። ስህተት ነው። የተወለደችው ጥሊሊ፣ የካቲት 9 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው፤ ዳንግላ የሄደችው ትምህርት ቤት ሙዚቃ ለማስተማር ነው። ኋላ ኢንጅባራ ውስጥ «ፒያኖ አስተማሪዋ» መባሏም መታረም አለበት። ፒያኖ አልነበራትም። የነበራት ስልሳ አንድ ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ነው። በባጃጅ ስታመጣው አንደኛው ጫፉ በጎን ወጥቶ ስለነበር፣ ከመናኸሪያው ጀምሮ የመንገድ ዳር ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ አሳለፋት።

ድምፁን የሰማ አከራይ ሁሉ እምቢ ሲላት ክፍል የሰጧት አያ እንየው የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። የሰጧትም የልጅ ልጃቸውን ሜላትን እንድታስተምርላቸው ነው። ያ ክፍል ባይኖር ትምህርቱም አይኖርም ነበር።

የልጆቹ ቀኝ እጅ አላስቸገራትም። ችግሩ ግራው ነበር። የቀለበት ጣታችሁን ብቻ አንሱ ስትላቸው ትንሿም መሃለኛዋም አብረው ይነሳሉ፤ አንዷ በግ ስትጠራ መንጋው ሁሉ እንደሚመጣ። «ሌሎቹ ጣቶች ዝም ይበሉ» ትላለች ቀኑን ሙሉ። ዝም አይሉም። ዋጋዬ ምክንያቱን አገኘችው፦ እዚህ አገር ግራ እጅ አይበላ፣ አይጨብጥ፣ አይቀበል፤ ከልደቱ ጀምሮ ሥራ ፈት ነው።

ስለዚህ የቤት ሥራ ሰጠች። ሠላሳ ፍሬ ቆሎ፣ አንድ በአንድ፣ በግራ አውራ ጣትና በቀለበት ጣት እያነሱ መብላት። የት እንደሚበሉ አልነገረቻቸውም።

ሜላት ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የቤት ሥራ የማታሳድር ልጅ ናት። ኅዳር 12 ቀን 2013 ዓ.ም. አያቷ ቤት የሚካኤል ዝክር ነበር። ከንስሐ አባታቸው አጠገብ ተቀምጣ፣ እሳቸው ከሚዘግኑበት የቆሎ ሳህን በግራዋ እያነሳች፣ ድምፅ አውጥታ እየቆጠረች መብላት ጀመረች። አያ እንየው ያዩዋት አሥራ ሰባተኛው ላይ ነው።

በማግስቱ ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄን በግራዋ እንድትበላ አስተማርሽብኝ» አሏት። «እስከ ቅዳሜ ክፍሉን ልቀቂ።»

ዋጋዬ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀች፤ ይህም ብዙ ጊዜ የምታደርገው ነገር አልነበረም። ከዚያ፣

«አያ እንየው፣ ግራ እጅ ለምንድን ነው የተፈጠረው?» አለቻቸው።

«ለቆሻሻ።»

«እንክርዳድ ቆሻሻ ነው?»

ወጥመዱን አይተውታል፤ ግን ዘግይተው ነበር።

«ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሎው ቀረ። ልጆቹ በግራ ቀለበት ጣታቸው ከስንዴ ውስጥ እንክርዳድና ጠጠር መልቀም ያዙ። «ንጹሑን እህል መንካት ክልክል ነው» የሚለው፣ ሳትለቅ በቀረችው ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው ጽሑፍ የአያ እንየው ቃል ነው፤ እሳቸው ሲናገሩ እሷ ጽፋዋለች። የመጀመሪያው አንድ ቁና ስንዴም የእሳቸው ነበር። ተለቅሞ ሲመለስላቸው ሰፌድ ላይ አፍስሰው ረጅም ጊዜ አዩት። አላመሰገኑም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቁና ላኩ።

ወሬው ተዳረሰ። ሙዚቃን ሥራ መፍታት ሲሉ የነበሩ እናቶች ልጃቸውን ከነምስሩ እያመጡ፣ «ለጣቷ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማን» ይሉ ጀመር። ሰባት የነበሩት ተማሪዎች እስከ ፋሲካ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ስንቱ ለሙዚቃ፣ ስንቱ ለምስር እንደመጣ የዋጋዬ መዝገብ አይለይም።

በዚያው መዝገብ የካቲት 3 ላይ «ሜላት፦ ብቻዋን ተነሳች» ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ልጅቷ ከሕመም የዳነች መስሎኝ ነበር። ለካ ስለ ቀለበት ጣቷ ነው።

ዋጋዬ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፈች። በሠልስቷ አያ እንየው ለለቀስተኛው የሚሆን ስንዴ ወደ ድንኳኑ ላኩ። ማንም ሳያዝዛቸው ተማሪዎቿ ሰፌዶቹን ከበው በግራ እጃቸው መልቀም ጀመሩ። ከአዲስ ቅዳም ከተማ የመጡ አንድ ለቀስተኛ አይተው ፊታቸውን አኮማተሩ፤ እነዚህ ልጆች አሳዳጊ የላቸውም ወይ ብለው ጠየቁ።

«እህሉን አይነኩትም» አሉ አያ እንየው። «ቆሻሻውን ነው የሚያወጡት።»

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ሜላት አስጠግተው ጣቶቿን ተመለከቱ።

«ሌሎቹ ዝም ይበሉ» አሏት።